ኦባማን የመረጠው ካውንቲ ትራምፕን ሲመርጥ፦ ወደ ክሬስኮ ለሚሄድ ወንድም የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ባለቤቴ ነርስ ናት። አዮዋ ውስጥ ክሬስኮ በምትባል ትንሽ ከተማ ሥራ አግኝታለች። በሚቀጥለው ወር ከሁለት ልጆቻችን ጋር እንሄዳለን። እስካሁን የኖርነው ሜሪላንድ፣ አበሻ በበዛበት ሰፈር ነው። የምርጫ ካርታ ስከፍት ካውንቲው ደማቅ ቀይ ነው፤ ትራምፕን ሦስት ጊዜ መርጧል። ኦባማንም ሁለቴ መርጧል ይላሉ። ይሄ እንዴት ይሆናል? ሰዎቹ ምን ዓይነት ናቸው? ደግሞ ታኮማ ፓርክ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ዜጋ ሳይሆን ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ ሰጥቷል። እኔም ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። እዚያ ስደርስ መምረጥ እችላለሁ?»

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። እሱ ላይ ስህተት ቢፈጠር መዘዙ ከባድ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ አይችሉም።

የአክስትዎ ልጅ ያደረገው ሕጋዊ ነው። ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿ በከተማዋ ምርጫ እንዲሳተፉ ትፈቅዳለች። ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ያደረጉ ሌሎች ከተሞችም አሉ። ፈቃዱ ግን ከከተማው ክልል አያልፍም። አዮዋ ውስጥ ለትምህርት ቤት ቦርድም ሆነ ለከተማ ምክር ቤት ያለ ዜግነት መምረጥ አይቻልም። እንዲያውም የግዛቱ መራጮች በኖቬምበር 2024 ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው መምረጥ የሚችለው ዜጋ ብቻ መሆኑን በግልጽ አስገብተዋል።

አደጋው የሚመጣው መንጃ ፈቃድ ሊያወጡ ሲሄዱ ነው። እዚያ «መራጭ ሆነው መመዝገብ ይፈልጋሉ?» ተብለው ሊጠየቁ ይችላሉ። ወረፋው ረጅም ነው፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ሰው ሳያነብ ይፈርማል። እባክዎ አንብበው «አልፈልግም» ይበሉ። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረም ግሪን ካርድ ያሳጣል፤ ከአገር እስከ መባረርም ያደርሳል። የዜግነት ማመልከቻው ላይም ተመዝግበው ወይም መርጠው ያውቁ እንደሆነ ይጠየቃሉ። የአክስትዎ ልጅም ማመልከቻውን ሲሞላ ጠበቃ ያማክር። ጥፋት ስላለበት አይደለም፤ ለዚያች ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ እንዲጽፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የምርጫ ውጤት በየካውንቲው (ካውንቲ ማለት የግዛት ንዑስ አስተዳደር ነው)፣ በየምርጫ ጣቢያው እያነበብኩ ነው የምተዳደረው። ከአሜሪካ ወደ 3,100 ካውንቲዎች ውስጥ አንዱን ብቻ ለተማሪ አስረዳ ብባል የምመርጠው እርስዎ የሚሄዱበትን ነው። ክሬስኮ የሃዋርድ ካውንቲ መቀመጫ ናት። ካውንቲው አዮዋ ሰሜን ምሥራቅ ላይ፣ ሚኒሶታ ድንበር ጫፍ ነው። በ2020 ቆጠራ መላው ካውንቲ 9,469 ሰው ነበረው። እኛ አገር ከዚህ የበለጠ ሕዝብ ያለው ቀበሌ አለ።

ይህች ትንሽ ካውንቲ ማንም የሌለው ታሪክ አላት። በ2012 ባራክ ኦባማን በ21 መቶኛ ነጥብ ያህል ልዩነት መረጠች። ከአራት ዓመት በኋላ ዶናልድ ትራምፕን በ20 መቶኛ ነጥብ ያህል ልዩነት መረጠች። በአገሪቱ ሙሉ፣ ኦባማን በ2012 ከ20 ነጥብ በላይ፣ ትራምፕን በ2016 ከ20 ነጥብ በላይ የመረጠ ሌላ ካውንቲ የለም። እሷ ብቻ ናት። በ2020 እና በ2024 ደግሞ የትራምፕ ልዩነት ሰፋ እንጂ አልጠበበም። ስለዚህ የሰሙት እውነት ነው፤ ሁለቱም ልክ ነው።

ካርታ ላይ ይሄ ከሰማያዊ (ዴሞክራት) ወደ ደማቅ ቀይ (ሪፐብሊካን) መዝለል ነው። አንድ ሕዝብ ወጥቶ ሌላ ሕዝብ የገባ ይመስላል። መሬት ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ኑ፣ ድምፁን እንቁጠረው።

በ2012 ኦባማ ያገኘው ወደ 2,770 ድምፅ ነው፤ ተፎካካሪው ሪፐብሊካኑ ሚት ሮምኒ ወደ 1,800። በ2016 ትራምፕ ያገኘው ወደ 2,610 ነው፤ ዴሞክራቷ ሂላሪ ክሊንተን ወደ 1,680። አሁን ቀንሱት። ትራምፕ ከሮምኒ የበለጠው በ800 ድምፅ ያህል ነው። ክሊንተን ከኦባማ ያነሰችው በ1,100 ያህል ነው። አገር ጉድ ያለለት፣ ጋዜጠኛ ከኒውዮርክ ድረስ የተጓዘለት መገለባበጥ ይሄው ነው። 800 ሰው የክሬስኮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የትግል ግጥሚያ ሲኖር ጂም ውስጥ ሊቀመጥ የሚችል ሕዝብ ነው። የትግል ስፖርት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አዮዋ ውስጥ ትግል ትልቅ ነገር ነው፤ ክሬስኮ ደግሞ በእሱ የታወቀች ናት። ልጆችዎ ስፖርት የሚወዱ ከሆነ ይህን ቶሎ ያውቁታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ትራምፕ 800 ድምፅ ጨመረ ማለት 800 የኦባማ መራጮች ዞሩ ማለት አይደለም። የዞሩም አሉበት። በ2012 ቤቱ ተኝቶ የዋለ፣ በ2016 ግን የወጣ አለ። በአራቱ ዓመት ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ወጣት አለ። የሞተ አለ፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ሮቸስተር ወይም ወደ ሚኒያፖሊስ የሄደ አለ። ከክሊንተን የጎደለው 1,100 ድምፅም ሁሉም ወደ ትራምፕ አልሄደም። የተወሰነው ለሦስተኛ ዕጩ ሄዷል፣ የተወሰነው ጭራሽ አልመጣም። ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ነው። እኛ የምናየው ድምሩን ብቻ ነው። ከድምሩ ተነሥቶ «የእኔ ጎረቤት እንዲህ ነው» ማለት በእኛ ሙያ የመጀመሪያው ትልቅ ስህተት ነው። ከ100 መራጭ 63ቱ አንዱን መረጡ ማለት 37ቱ ሌላ ነገር አስበዋል ማለት ነው። የትኛው ቤት የማን እንደሆነ ካርታው አይነግርዎትም።

የቁጥር ማነስ ምን ያህል እንደሚያታልል ለማየት ዲክስቪል ኖች የምትባለውን መንደር ያስታውሱ። ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ናት። ከ1960 ጀምሮ በምርጫው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ድምፅ ሰጥታ ወዲያው ቆጥራ ትጨርሳለች። ቴሌቪዥን ይወዳታል። በ2020 ባይደን 5 ለ 0 አሸነፈ። በ2024 ሃሪስና ትራምፕ 3 ለ 3 ወጡ። ስድስት ሰው ነው እንግዲህ። ከዚያ ተነሥቶ ስለ አሜሪካ ትንቢት መናገር አይቻልም፤ ስለ መንደሯም ብዙ ማለት አይቻልም። ሃዋርድ ካውንቲ ከዚህ እጅግ ትበልጣለች፤ ግን እሷም ብትሆን ጥቂት መቶ ሰው ቀለሟን የሚቀይራት ቦታ ናት።

ታዲያ እነዚያ ጥቂት መቶዎች ለምን ሄዱ? የእርስዎ ጥያቄ ልብ ይሄ ነው። አንድ ምክንያት ብቻ የሚነግርዎትን ሰው አይመኑ።

መጀመሪያ፣ ሃዋርድ ብቻዋን አልነበረችም። ኦባማን ሁለቴ መርጠው በ2016 ወደ ትራምፕ የዞሩ ካውንቲዎች በአገሪቱ 206 ናቸው። ከእነሱ 31ዱ አዮዋ ውስጥ ናቸው። አዮዋ ያላት ጠቅላላ 99 ካውንቲ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር መላውን አካባቢ ነካክቶታል። ኬንታኪ ውስጥ ደግሞ ኤሊዮት የምትባል ካውንቲ አለች። በ1869 ከተመሠረተች ጀምሮ እስከ 2012 ድረስ ለፕሬዚዳንትነት ሪፐብሊካን መርጣ አታውቅም ነበር። በ2016 ትራምፕን 70 በመቶ ሰጠችው። የእናት የአባት ልማድ በአንድ ቀን ሲበጠስ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ኑሮው። ሃዋርድ ካውንቲ በቆሎና አኩሪ አተር፣ ከብትና አሳማ ነው። ፋብሪካም አለ። ፌዘርላይት የሚባሉት፣ ፈረስና ከብት የሚጫንባቸው የአሉሚኒየም ተሳቢዎች የሚሠሩት ክሬስኮ ነው። የበቆሎ ዋጋ በ2012 ድርቅ ወቅት በቡሼል (ወደ 25 ኪሎ) ከ8 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። በ2016 ከ4 ዶላር በታች ነበር። ገበሬ ለሆነ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ገበሬው ሲጨናነቅ ጋራዡም፣ የእርሻ መሣሪያ ሻጩም፣ ካፌውም ይጨናነቃል።

ግን ኪስ ብቻ ነው እንዳልል የሚከለክለኝ ነገር አለ። በ2018 ከቻይና ጋር የቀረጥ ጦርነት ሲጀመር የአኩሪ አተር ዋጋ ወደቀ። የአዮዋ ገበሬ ተጎዳ። መንግሥት ለገበሬው የሚሆን በቢሊዮን የሚቆጠር የድጎማ ገንዘብ ማውጣት ነበረበት። በ2020 ግን ካውንቲው ትራምፕን ከበፊቱ በሰፋ ልዩነት መረጠ። ሰው ኪሱን ብቻ አይቶ ቢመርጥ ኖሮ ቢያንስ ልዩነቱ መጥበብ ነበረበት።

ሦስተኛው ትምህርት ነው፤ ዲግሪ ማለቴ ነው። ይህን ለማየት ከክሬስኮ 20 ማይል ያህል ወደ ምሥራቅ ይንዱ። ዲኮራ ይደርሳሉ። የዊነሺክ ካውንቲ መቀመጫ ናት። መሬቱ አንድ፣ በቆሎው አንድ፣ ዝናቡ አንድ፤ የሰዉም ዘር ያው ኖርዌጂያን፣ ጀርመን፣ ቼክ፣ አይሪሽ ነው። ዊነሺክም ኦባማን ሁለቴ መርጣለች። በ2016 ግን ትራምፕ ያሸነፈው ለጥቂት፣ በጣም በጠበበ ልዩነት ነው። ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው? ዲኮራ ሉተር ኮሌጅ አለባት። መምህሩ፣ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ከተመረቀ በኋላ እዚያው የቀረው ሰው አለ። በ2012 ዲግሪ ያለውና የሌለው ነጭ መራጭ በዚህ አካባቢ ብዙም አይራራቅም ነበር። ከ2016 ወዲህ ትልቁ መለያ መስመር ይሄ ሆኗል። እኔ በሥራዬ ካየኋቸው ንጽጽሮች ሁሉ እንደ እነዚህ ሁለት ጎረቤታሞች ጥርት ብሎ የሚያሳይ አላጋጠመኝም።

አራተኛው ስለ ዕጩዎቹ ነው። እዚህ ላይ የምናገረው የራሴን ግምት ነው። ኦባማ በ2008 አዮዋን ያሸነፈው ሰው ፊት ቆሞ፣ ትንንሽ ከተማ ገብቶ፣ እጅ ጨብጦ ነው። ያኔ የኢራቅ ጦርነት ሰዉን አሰልችቶት ነበር፤ ኢኮኖሚውም ወደቀ። በ2012 ዘመቻው ሮምኒን ፋብሪካ ዘጊ አድርጎ አቀረበው። በ2016 ትራምፕ መጥቶ ፋብሪካችሁን የበላው የንግድ ስምምነቱ ነው፣ ዋሽንግተን ያሉት ረስተዋችኋል አለ። ለክሬስኮ የተሳቢ ፋብሪካ ሠራተኛ ሁለቱም መልእክቶች በአንድ ጆሮ ይገባሉ። የፓርቲው ስም ተለወጠ እንጂ «የላይኞቹ ስለ እኔ ግድ የላቸውም» የሚለው ስሜት ያው ነው። ክሊንተን ደግሞ በዚያ ሰው ዓይን የላይኞቹ ሁሉ ምልክት ነበረች።

አምስተኛው እርስዎ በጨዋነት ያልጠየቁት፣ ግን ከጥያቄዎ ሥር ያለው ነው። ዘረኞች ናቸው ወይ?

ይህን ሸፍኜ ማለፍ አልፈልግም። እርስዎ ጥቁር ልጆች ይዘው ከ100 ሰው 95 ያህሉ ነጭ ወደሆነበት ካውንቲ ነው የሚሄዱት። መጠየቅ መብትዎ ነው። «ኦባማን መርጠዋል፤ ስለዚህ ዘረኛ አይደሉም» የሚል ሰው ያጋጥምዎታል። ይህ አያስኬድም። ሰው ጥቁር ፕሬዚዳንት መርጦ ጥቁር ጎረቤት ላይፈልግ ይችላል። «ትራምፕን መርጠዋል፤ ስለዚህ ዘረኛ ናቸው» የሚልም አለ። ይህም እንደዚያው አያስኬድም። ከ2016 በኋላ በመራጮች መጠይቅ ላይ የተሠሩ ጥናቶች አንድ ነገር አሳይተዋል፦ ከኦባማ ወደ ትራምፕ በዞሩት ዘንድ ስለ ስደትና ስለ ዘር ያላቸው አመለካከት ከባድ ሚና ነበረው። ሚዛኑ ስንት ነው በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ፤ ሚና እንደነበረው ግን አይካድም። እነዚህ ጥናቶች አገር አቀፍ ናቸው። የክሬስኮን አንድ መንገድ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ መምህር አይነግሩንም።

አንድ ታሪክ ልንገርዎት። ራይስቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ግማሿ ሃዋርድ ካውንቲ፣ ግማሿ ሚቸል ካውንቲ ውስጥ ናት። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ማግስት ጄን ኤሊየት የምትባል የሦስተኛ ክፍል መምህርት ልጆቿን በዓይናቸው ቀለም ለሁለት ከፈለቻቸው። ዓይናቸው ሰማያዊ የሆኑትና ቡናማ የሆኑት በተራ በተራ «የተሻሉ» እና «የማይረቡ» ተባሉ። ልጆቹ በአንድ ቀን ውስጥ ተለዋወጡ። አንዱ ሌላውን ናቀ፣ የተናቀው ፈተና ላይ ደከመ። ይህ ትምህርት ዛሬ በዓለም ዙሪያ ስለ ዘር መድልዎ ሲነገር ይጠቀሳል። ከተማዋ ውስጥ ግን ብዙ ሰው ተቆጥቶባት ነበር፤ እሷም ቤተሰቧም ብዙ ተጎዱ። ይህን ያመጣሁት ሁለቱም እውነት የዚያ ቦታ ስለሆኑ ነው። ያንን ለማስተማር የደፈረችው እዚያው አካባቢ የተወለደች ሴት ናት። የተቆጧትም ጎረቤቶቿ ናቸው።

ልጆችዎ ክፉ ቃል አይሰሙም ብዬ ቃል አልገባም። ሜሪላንድም ቢሆን ቃል አልገባልዎትም ነበር። ግን ይህን ለማወቅ የምርጫ ካርታ ከማየት ለትምህርት ቤቱ ደውሎ ርእሰ መምህሩን ማነጋገር ይሻላል። «ከሌላ አገር የመጡ ልጆች አሉ? ስድብ ሲፈጠር ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ። ባለቤትዎም ሥራ ቦታዋ ላይ ከውጭ የመጣ ባልደረባ ካለ ስልኩን ትቀበል። የአምስት ደቂቃ ወሬ እኔ በቁጥር ከምነግርዎት ሁሉ ይበልጣል።

አሁን ቁጥር ማንበብ ከፈለጉ፣ ባለሙያ የሚያየው የት እንደሆነ ላሳይዎት። የአብዛኛው ሰው ዓይን የድምፅ መስጫ ወረቀቱ አናት ላይ ይቀራል፤ ፕሬዚዳንቱ ላይ። የአዮዋ ወረቀት ግን ረጅም ነው፣ ከፊትም ከጀርባም። ከላይ ፕሬዚዳንት፣ ሴኔት፣ ኮንግረስ ነው። ቀጥሎ የግዛቱ ምክር ቤት ይመጣል። ከዚያ ሸሪፍ፣ የካውንቲ ኦዲተር፣ የካውንቲ ሱፐርቫይዘር (የካውንቲው አስተዳደር ቦርድ አባል)። የካውንቲ ኦዲተር ሲባል ሒሳብ መርማሪ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ አዮዋ ውስጥ ምርጫውን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ከዚያ ወረድ ሲሉ ፓርቲ የሌለባቸው ይመጣሉ፦ የሆስፒታል ባለአደራ ቦርድ፣ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ኮሚሽነር፣ የግብርና ኤክስቴንሽን ምክር ቤት። የአፈር ኮሚሽነር በምርጫ! እኔ መጀመሪያ ሳየው ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ። እኛ አገር የልማት ሠራተኛ ከላይ ይመደባል እንጂ ገበሬው ቆጥሮ አይመርጠውም።

መጨረሻ ላይ ዳኞች አሉ። «ይቀጥል ወይስ ይውረድ?» የሚል ጥያቄ ነው። ይህ የወረቀቱ ጭራ ቀላል እንዳይመስልዎ። በ2009 የአዮዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ፈቀደ። በ2010 መራጩ ከዳኞቹ ሦስቱን አወረደ። ያ ከ2016 ስድስት ዓመት በፊት ነው። አዮዋ ገና ኦባማን በ2012 ልትደግም ነበር። በሃይማኖትና በቤተሰብ ጉዳይ ወግ አጥባቂ የሆነ፣ ለፕሬዚዳንት ግን ዴሞክራት የሚመርጥ ብዙ ሰው እዚያ እንደነበረ ያኔውኑ ይታይ ነበር። ፕሮቲቪን የምትባል የቼክ ካቶሊኮች መንደር አለች፤ ሃዋርድ ካውንቲ ደቡብ ጫፍ ላይ። እንዲህ ያሉ የካቶሊክ መንደሮች በዚያ አካባቢ የዴሞክራት ምሽግ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናቸው ስለ ውርጃ የሚያስተምረውና ፓርቲያቸው የሚለው እየተራራቀ ሲሄድ ብዙ ዓመት ሁለቱን አቻችለው ኖሩ። ከዚያ ማቻቻሉ አቃታቸው። 2016 ያመጣው የመሰለን ብዙው ነገር ከዚያ በፊት ሲበስል የቆየ ነው።

ሌላው የማየው ሰዉ ወረቀቱን ቀላቅሎ መሙላት አለመሙላቱን ነው። በ2022 የአዮዋ ገዥ ኪም ሬይኖልድስ፣ ሪፐብሊካን፣ በ19 ነጥብ ያህል አሸነፈች። በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት፣ ሮብ ሳንድ የሚባል ዴሞክራት የግዛቱ ኦዲተር (ይሄኛው የመንግሥት ሒሳብ መርማሪ ነው) ሆኖ በድጋሚ ተመረጠ። ከ1.2 ሚሊዮን ድምፅ ውስጥ ያሸነፈው ከ3,000 ባነሰ ልዩነት ነው። ያደገው ደግሞ ዲኮራ ነው፤ የጎረቤትዎ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ገዥዋን መርጦ እሱንም የመረጠ ብዙ ሺህ ሰው ባይኖር ይህ ሊሆን አይችልም ነበር። ቀደም ሲል ወረቀቱ አናት ላይ አንድ ምልክት አድርጎ የአንድ ፓርቲ ዕጩዎችን በሙሉ መምረጥ ይቻል ነበር። አዮዋ ይህን በ2017 በወጣ ሕግ አስቀርታዋለች። አሁን እያንዳንዱን ስም እያዩ መሙላት ነው።

ውጤቱን በየምርጫ ጣቢያው የግዛቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ቢሮ (በግዛቱ ምርጫን የሚመራው መሥሪያ ቤት) ያወጣዋል። ሲከፍቱት ሁለት ነገር ያመዛዝኑ። አንደኛ፣ የከተማውን ጣቢያ ከገጠሩ ጋር ያስተያዩ። ሁለተኛ፣ ስንት ሰው ለፕሬዚዳንት መርጦ ከታች ያለውን ባዶ እንደተወ ይመልከቱ። ታች ድረስ የሞላ ሰው ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ነው። በተረፈ በአዮዋ መራጩ ሲመዘገብ ፓርቲ ይጠቅሳል፤ «ፓርቲ የለኝም» የሚሉትም ብዙ ናቸው። እነሱን ቀይም ሰማያዊም ብለው አይቁጠሩ።

የትምህርት ቤት ቦርድና የከተማ ምርጫ የሚካሄደው በጎዶሎ ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው፤ ፓርቲም የለበትም። ለቤተሰብዎ ከፕሬዚዳንቱ ይልቅ የሚቀርበው ይሄ ነው። አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ እንግሊዝኛ ለሚማር ልጅ መምህር እንደሚቀጠር የሚወስኑት እነዚህ ሰዎች ናቸው። እርስዎ መምረጥ አይችሉም፤ የቦርዱ ስብሰባ ግን ክፍት ነው። ገብቶ ለመቀመጥ ዜግነት አይጠየቅም። አስተያየት የሚሰጥበት ሰዓት ካለም መናገር ይችላሉ። በትንሽ ከተማ ስብሰባ አሥር ሰው የሚመጣበት ጊዜ አለ። አሥራ አንደኛው ሰው ይታያል።

ከሄዱ በኋላ ከጎረቤት ጋር ወሬ የሚጀምሩበትን ልስጥዎትና ላብቃ። ኖርማን ቦርሎግ የተወለደው በ1914 ክሬስኮ አጠገብ ባለች እርሻ ላይ ነው። የክሬስኮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የትግል ተጫዋች ነበር። በኋላ በስንዴ ምርምሩ በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘው ሰው ነው። በ1993 እሱ ያገዘው ሳሳካዋ ግሎባል 2000 ኢትዮጵያ ገባ። በገበሬው ማሳ ላይ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ያሳየው ፕሮግራም ነው። አባትዎ ወይም አያትዎ ገበሬ ከነበሩ «ግሎባል» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ክሬስኮ ውስጥ የቦርሎግን ስም የማያውቅ ሽማግሌ አይኖርም። ስሙ ከእርስዎ አገር እርሻ ጋር መገናኘቱን የሚያውቁት ግን ጥቂት ይሆናሉ። ይንገሯቸው። ከዚያ ምን እንዳሉዎት ቢጽፉልኝ በጣም ደስ ይለኛል።